ሽማግሌ የተላከበት የውሃ ማጣሪያ

የእኛ የሳይንስ ማኅበር ስብሰባ የሚጀመረው ሰው ሲሞላ ነው፤ ሰው የሚሞላው ደግሞ ምግብ ሲደርስ ነው። አትላንታ ዳር ደንዉዲ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ እንከራያለን። መጥሪያው ላይ ጠዋት ተብሎ ይጻፋል፤ ወጡና እንጀራው ከሬስቶራንት እስኪመጣ ድረስ ግን መድረኩ ላይ ማይክ ከመሞከር ሌላ የሚሠራ ነገር አይኖርም። ሥራ ቦታው ደቂቃ አሳልፎ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ የማኅበሩ ቀን ሲሆን ሰዓቱን ቤቱ ትቶ ይመጣል። እኔ ቀድሜ ደርሼ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እናደዳለሁ። ይህንንም ከተሳትፎ እቆጥረዋለሁ።

ማኅበሩ አትላንታና አጎራባች ግዛቶች የምንኖር፣ ሳይንስ የተማርን ኢትዮጵያውያንን ያሰባስባል። ኬሚስት አለን፣ የአፈር ባለሙያ አለን፣ መሐንዲስ አለን። ከተመረቀ ወዲህ የላቦራቶሪ ደጅ ረግጦ የማያውቅ፣ ነገር ግን «ዶክተር» ካላሉት ዞር ብሎ የማያይም አለን። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ዓላማችን ዕውቀትን ለወገን ማድረስ ነው። እኔ እስከማውቀው ለወገን በብዛት ያደረስነው ፎቶግራፍ ነው። ሰርተፊኬት ስንሰጥ፣ ሰርተፊኬት ስንቀበል፣ ሰርተፊኬት ይዘን ተደርድረን የተነሣነው ፎቶ ድረ ገጻችንን ሞልቶታል።

የዓመቱ ስብሰባ ዋና ክፍል «የአባላት ስኬት» ይባላል። ሲታሰብ የታተመ ጥናት፣ የተፈለሰፈ መሣሪያ፣ በሙያ የተገኘ ሽልማት ይነገርበታል ተብሎ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በየዓመቱ አይገኝማ። ስለዚህ አንዱ ልጁ ሜዲካል ስኩል መግባቷን ያስነብባል፤ ሌላው ሮዝዌል የሚባለው ሰፈር ቤት መግዛቱን ያስነብባል፤ ሁሉም እኩል ይጨበጨብለታል። አንድ ዓመት የአንድ አባላችን የሐሞት ጠጠር በሰላም መውጣቱ ከስኬቶቹ መሃል ተነበበ። አጨበጨብን። ሰውየውም ተነሥተው እጅ ነሡ።

እኔ የምሠራው የመጠጥ ውሃ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከየሰፈሩ የሚመጣ ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ እለካለሁ። ወደዚህ ሙያ የገባሁት በፍቅር አይደለም፣ በጥርሴ ምክንያት ነው። የተወለድኩት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ እዚያ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል። በልጅነቱ እሱን እየጠጣ ያደገ ሰው ቋሚ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ ብዙ ዓመት የጠጣው ደግሞ አጥንቱም አይተርፍም። ለማኅበሩ ድረ ገጽ ፎቶ ስንነሣ ፎቶ አንሺው «ሲስተር፣ አንቺ ብቻ አፍሽን ክሎዝ አድርገሽ ስማይል አድርጊ» ብሎኛል። ሞክሬው ነበር፤ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ሆኜ ወጣሁ።

ታላቅ እህቴ እስከ ዛሬ እዚያው ከተማችን ውስጥ ነው የምትኖረው። ብዙ ተስፋ ቆርጣ፣ ብዙ ተስላ፣ ዘግይታ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷን መነቃቀል መጀመሯ ነው። ቋሚው ጥርስ የሚሠራው በዚህ ዕድሜ ስለሆነ አሁን የምትጠጣው ውሃ ለዕድሜ ልኳ ነው። እህቴ ለሷ ብቻ ብላ ከደጋው ምንጭ በጋሪ የሚመጣ ውሃ በየሳምንቱ ትገዛላት ነበር። ራሷ የጉድጓዱን እየጠጣች ለልጇ የጋሪውን ታስቀምጥላታለች። ልጅቷ ከተወለደችበት ዕለት ጀምሮ በስልክ የለመንኳት ይህንኑ ነበር፤ ከለመንኳት ነገር ሁሉ የሰማችኝም ይህንኑ ብቻ ነው።

ማኅበራችን አለኝ የሚለው ሰው ጋሼ ናቸው። ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ጡረታ የወጡ የኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ግማሹ አባል አገር ቤት ሳለ ተማሪያቸው ነበር። እሳቸው ሲገቡ አዳራሹ ይነሣል፤ እሳቸው ሲያስሉ ውሃ ይዞ የሚሮጠው ብዙ ነው። ጋሼ ሮዝዌል ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ሲሠሩ ከርመው ፍሎራይድ የሚይዝ የውሃ ማጣሪያ አወጡ። ከሸክላ የተሠራ እንስራ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ውሃውን የሚያጣራ የተፈጨ ነገር አለበት። ከላይ ያፈሱበታል፣ ከታች ይቀዱታል። መብራት አይፈልግ፣ ቁልፍ የለው፣ ነገሩ ያምራል።

ማኅበሩ እውነተኛ የፈጠራ ሥራ አግኝቶ ስለማያውቅ ደስታውን መያዝ አቃተው። ፕሬዚዳንቱ ማይክ ይዞ ማጣሪያው በብዛት እንዲሠራ፣ እዚሁ አትላንታ፣ ኢስት ፖይንት ካለ መጋዘን በኮንቴይነር እንዲጫንና ለሙከራ ወደ አንዲት የስምጥ ሸለቆ ከተማ እንዲላክ መወሰኑን አበሰረ። የከተማዋን ስም ሲጠራ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የኛ ከተማ ናት። እህቴም በዚያው ሳምንት ሰማች። «ፕሮፌሰሩ ለልጄ ማጣሪያ ሊልኩላት ነው» አለችኝ። ጋሼ ለአንድ አገር ሕዝብ የሠሩትን እሷ ለልጇ ብቻ አደረገችው፤ አልፈርድባትም።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ስላለኝም ነው አንዱን ማጣሪያ ለምኜ ወደ ቤቴ የወሰድኩት። የከተማችንን ውሃ የሚመስል ውሃ አዘጋጅቼ አንድ ቤተሰብ የሚጠጣውን ያህል በየቀኑ አፈስበት ጀመር። መጀመሪያ ላይ እጹብ ድንቅ ነበር፤ ከታች የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ግን ማጣሪያው ጠገበ። ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር መያዝ የሚችለውን ያዘና ውሃውን እንዳለ ያሳልፈው ጀመር። ነገሩን የሚያከፋው ፍሎራይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም። ከእንስራው የሚቀዳው ውሃ እንደ በፊቱ ቀዝቃዛና ጥሩ ነው። ማጣሪያ ያለው ሰው የጋሪ ውሃ መግዛት ያቆማል፤ ልጁም ማንም ሳያውቅ የጉድጓዱን ውሃ እንዳለ ይጠጣል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሼ ሥራቸውን አቀረቡ። ከዚያ የጥያቄ ጊዜ መጣ። በኛ ማኅበር የጥያቄ ጊዜ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው። አንዱ ይነሣና ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ ይላል፤ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ይላል፤ አቅራቢውን ያመሰግናል፣ የአቅራቢውን ባለቤት ያመሰግናል፣ ይቀመጣል። ቀጣዩም ይነሣና የመጀመሪያው ተናጋሪ ሐሳቤን ወስዶብኛል ይላል። እኔ ግን ተነሥቼ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው። እኔ ስሞክረው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማጣራቱን አቁሟል። እርስዎ ለምን ያህል ጊዜ ሞክረውት ነው?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ፕሬዚዳንቱ ማይኩን ቀማቸው። «እሺ፣ ኖት አድርገናል እህታችን፤ ፎር ናው ቲ ብሬክ እንውሰድና እንመለስበታለን» አለ። አልተመለስንበትም።

በዕረፍቱ ጊዜ ስለ ፍሎራይድ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ሁሉም የጠየቁኝ ጋሼ ምን እንዳደረጉኝ ነው። ሪኮመንዴሽን ከልክለውኝ ነው? ወይስ ዘመዴ ሆነው ተጣልተን ነው? አንዲት ባዮሎጂስት ክንዴን ይዛ ጥግ ወሰደችኝ። «አባትሽ ይሆናሉ እኮ። ሰው ፊት? በፎን አይነገርም ነበር?» አለችኝ። ውሃው ፎን እንደማያነሣ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። በማኅበሩ የስልክ ቡድን ውስጥ እስከ ማታ ድረስ ለጋሼ የአበባ ምስል ሲላክ ዋለ፤ የታመሙ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ሽማግሌ ተላከብኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ያናድደኛል። ማጣሪያው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ የሚፈታው በመለኪያ ነው፤ መለኪያውን የሚያውቁ ሰዎች የሞሉበት ማኅበር ግን ሦስት ሽማግሌ መርጦ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ላከ። ፊት ፊት የገቡት ሁላችንም «የወሎው አባባ» የምንላቸው አዛውንት ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ምርቃታቸው ይጣፍጣል። ዕድሜ ልካቸውን ስታትስቲክስ አስተምረዋል።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ እንጂ» አልኩ። ዶሮ ወጥ ሠርቼ ነበር።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ አባባ። «የመጣንበትን ካልፈጸምሽልን አንቀመጥም። እህልም አንቀምስም።»

ሦስት የተማሩ ሰዎች ሳሎኔ መሃል ኮታቸውን ለብሰው ቆሙ። አንደኛው ዓይናቸው ወደ ድስቱ ይሄድ ነበር።

«ምን ልፈጽምላችሁ አባባ?»

«ጋሼን አስቀይመሻል። ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ እሳቸውም ይመርቁሻል፣ በዚህ ይዘጋል።»

«ማጣሪያውስ?»

አባባ ከሁለቱ ጋር ተያዩ። ተመካክረውበት እንደመጡ ታየኝ። «እሳቸው ያጣራል ይላሉ። አንቺ አያጣራም ትያለሽ። ሁለታችሁም የኛው ናችሁ፤ አንዳችሁን ሐሰተኛ ማድረግ አንፈልግም። በግማሽ ያጣራል ብንል ማን ይጎዳል?»

«አባባ፣ እርስዎ የስታትስቲክስ ሰው አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ» አሉ ሳይቀየሙ። «አማካይ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅኩም። የእህቴ ልጅ ታየችኝ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በመለኪያ ብከራከር ማታ ድረስ ቆመው ይውላሉ እንጂ እንደማይሰሙኝ ገባኝ። ስለዚህ በነሱው መንገድ ሄድኩ። ጉልበት እስማለሁ፣ ይቅርታም እላለሁ አልኩ፤ በምላሹ ከጋሼ ጋር ሆነን ማጣሪያውን እንደገና እስክንፈትሸው ድረስ ኮንቴይነሩ ከኢስት ፖይንት ንቅንቅ እንዳይል። አባባ ያለ ብዙ ማመንታት «ይሁን» አሉ። ሁለቱም «ይሁን» አሉና ወንበር ሳቡ። ዶሮውን በልተው፣ ቤቴን ባርከው፣ የተረፈውን አንደኛው በዕቃ ይዘው ሄዱ።

ዕርቁ የተደረገው ፕሬዚዳንቱ ቤት ነው። ጋሼ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፣ አባባ ከጎናቸው ቆመዋል፣ የፕሬዚዳንቱ ሚስት ስልኳን ይዛ «ላይቭ ነን፣ ላይቭ ነን» ትላለች። ተንበርክኬ የጋሼን ጉልበት ሳምኩ። ያልኩት «ይቅርታ ጋሼ» ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ ግን ለስልኩ «እህታችን ማጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች» ብሎ ተረጎመልኝ። ጋሼ ብብቴን ይዘው ሲያነሡኝ ጆሮዬ ስር ሆነው በቀስታ ጠየቁኝ።

«በስንተኛው ሳምንት ነው ያቆመው?»

እንዳቀፉኝ ነገርኳቸው። ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። አባባ መረቁን፣ ሁሉም አሜን አለ፣ እልልም ተባለ። ቪዲዮው በዚያው ቀን በማኅበሩ ገጽ ላይ «ሳይንስና ባህል እጅ ለእጅ» በሚል ርዕስ ወጣ። ማኅበራችን ካወጣቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱ ነው።

ጋሼ በነጋታው ደወሉልኝና ቅዳሜ መለኪያዬን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። ቤዝመንታቸው ውስጥ አዲስ ማጣሪያ ተከልን፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ በመሃል ያሉትን ቀናት እሳቸው ራሳቸው ያፈስሳሉ። ሥራ ላይ ሲሆኑ ሌላ ሰው ናቸው። ጃኬት አውልቀው፣ እጅጌ ሰብስበው፣ አንድ ጠብታ ከተንጠባጠበ ከመጀመሪያው ጀምረን እናድርገው ይላሉ። መጀመሪያ የሞከሩት ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር።

«ለምን ተዉት ጋሼ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። «አሳየኋቸው፣ ግሩም ነው አሉኝ። እንደገና አሳየኋቸው፣ ግሩም ነው አሉኝ። በኋላ እኔም ግሩም ነው አልኩ።» እንስራውን ሞልተው ሲያበቁ «አንቺ ስትጠይቂኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ልመልስልሽ ስል ማይኩን ወሰደብኝ» አሉ። ያን ቀን ወደድኳቸው። እስከዚያ ድረስ የምፈራቸው ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ አንድም ቀን አናግሬያቸው አላውቅም።

ሳምንታቱ አለፉ፣ ማጣሪያው ጠገበ። መለኪያውን እሳቸው ናቸው ያነበቡት። ደግመው አነበቡት፣ ሌላ ውሃ ቀድተው አነበቡት። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው «አይሠራም» አሉ፤ ያኔውኑ ደግሞ በምን ቢተካ እንደሚሠራ ማውራት ጀመሩ። ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር በየጊዜው ከተለወጠ ይሠራል፤ ያን የሚለውጥና የሚለካ ሰው እዚያው ከተማው ውስጥ ያስፈልጋል። ስልካቸውን አንሥተው እኔ ፊት ለፕሬዚዳንቱ ደወሉ፣ ድምፁንም ከፈቱልኝ።

«ልጄ፣ ያ ኮንቴይነር እንዳይሄድ። ማጣሪያው ችግር አለበት፤ እሷ ልክ ናት።»

«ጋሼ፣ እሱማ ሺፕ ከተደረገ ቆየ እኮ» አለ ፕሬዚዳንቱ።

«እንዴት? ፍተሻው እስኪያልቅ ይጠብቃል ተባብለን?»

«ጋሼ፣ የሚጠብቀው ጭቅጭቅ ስለነበረ ነው። ዕርቅ ወረደ፤ ኢሹው ሶልቭድ ነው። በማግስቱ አስጫንነው።»

«አሁን እኮ ሁለታችንም አይሠራም ነው የምንለው።»

«ይገባኛል ጋሼ። ግን ሽማግሌ ተቀምጦ የዘጋውን ነገር እንደገና ኦፕን ብናደርገው አባባን ማዋረድ ይሆናል። እርስዎ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያደርጉም።»

ጋሼ ስልኩን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ደፉት። እኔ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ የሳቸው ባለቤት ከላይ ሆነው ደህና ናችሁ ወይ ብለው መጠየቃቸውን አስታውሳለሁ። ሁለት ሰው በማጣሪያው ሲለያይ ሽማግሌ ይላክበታል፤ ሁለቱ ሲስማሙ የሚሰማቸው የለም። ያን ያህል የተማርነው ለዚህ ነበር።

ጋሼ ተስፋ አልቆረጡም። የዓመቱ ስብሰባ ከነሽልማት እራቱ እየደረሰ ነበርና እዚያ በአባላቱ ሁሉ ፊት እንደሚናገሩ ነገሩኝ። «ሰው ፊት ነው የተሳሳትኩት፣ ሰው ፊት አርመዋለሁ» አሉ። የማጣሪያውን ነገር ደንዉዲ አዳራሹ ውስጥ በራሳቸው አፍ ከተናገሩ ማኅበሩ ወደ ከተማችን ደብዳቤ መጻፍ፣ ሰው መላክ ግድ ይሆንበታል ብለን ነበር። እኔም አመንኩ። ክራባታቸውን ሳይቀር አብረን መረጥን።

የአባላት ስኬት ሲነበብ ማጣሪያው መጨረሻ ላይ መጣ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ጋሼ መድረክ ወጥተው ሽልማቱን ሳይቀበሉ ማይኩን ያዙ።

«ይህ ሽልማት አይገባኝም» አሉ።

አዳራሹ በሙቀት ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከኋላዬ አንዱ «አይ ትሕትና» አለ።

«አልተረዳችሁኝም። ማጣሪያው አይሠራም። ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የሚሠራው።»

ጭብጨባው ጨመረ። አንዲት ሴትዮ ዓይኗን በሶፍት መጥረግ ጀመረች። እኛ አገር አንድ የተከበረ ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ይላል፤ አድማጩ ደግሞ የለም ትልቅ ነው ይላል። ጋሼ ራሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያ ሲሉ፣ ሕዝቡም እንደዚያ ሲመልስላቸው ኖረዋል። አሁን አፋቸው ላይ ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

«እባካችሁ፣ ትሕትና አይደለም የያዘኝ። ለክቼዋለሁ። አይሠራም።»

ሰው ሁሉ ተነሣ። ፕሬዚዳንቱ እየሮጠ ወጥቶ አቀፋቸው። «አያችሁ ወገኖቼ» አለ፤ «እኛ ትንሽ ነገር ሠርተን ሶሻል ሚዲያ ላይ እንጮሃለን። እሳቸው ግን ይህን ሁሉ ሠርተው አይሠራም ይላሉ። ሪል ሳይንቲስት ማለት ይሄ ነው።» እኔ ተነሥቼ እውነታቸውን ነው ብዬ ጮህኩ። ጎኔ የነበረችው ባዮሎጂስት ቀሚሴን ይዛ ጎትታ አስቀመጠችኝ። «አሁንም አልለቀቅሻቸውም?» አለችኝ። ለጋሼ ሽልማቱን እጃቸው ላይ አደረጉላቸው፤ ፎቶ ተነሡ።

ከዚያ ወዲያ የቀረችን እህቴ ናት። ለሷ አስቀድሜ ደውዬላት ነበር፤ ማጣሪያው እጇ ከገባ እንደሰነበተ በነገረችኝ ቀን። እንዳትጠቀሚበት ስላት ሳቀችብኝ።

«ቪዲዮውን አይቼዋለሁ እኮ» አለች። «ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። ጉልበታቸው ላይ ወድቀሽ ማጥፋትሽን ስታምኚ አይቼ አለቀስኩ። ጎሽ አልኩ። አሁን ደግሞ ተመልሰሽ?»

«ያን ያደረግኩት ለልጅሽ ብዬ ነው።»

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ። ትልቅ ሰው ትልቅ ሥራ ሲሠራ ቅናት ይይዛል፤ ይገባኛል። አንዴ ታርቀሻል፣ አትመለሺበት።» የጋሪውን ውሃ ካቆመች እንደቆየች የነገረችኝ ያኔ ነው። ልጅቷ እንስራውን ወዳው ሌላ ውሃ አልነካም ብላለች አለችኝ፣ በኩራት።

ስለዚህ ከእራቱ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት ጋሼን ይዤ ደወልኩ። እኔን ካላመነች እሳቸውን ታምናለች፤ ሌላ መንገድ አልታየኝም። በስልኩ መስኮት እህቴ ጋሼን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አንገቷን ደፋች። ከኋላዋ እንስራው ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ቆሟል።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ ቃል በቃል እየረገጡ፤ «ማጣሪያው አይሠራም። ተሳስቻለሁ። ለልጅቷ የደጋውን ውሃ መልሺላት።»

እህቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እህቴ ነግራኝ ነበር፣ ትሑት ናቸው ብላ» አለች። እንዲህ ብያት አላውቅም። «የሠራ ሰው እንዲህ ነው። እኛስ ምን ሠርተን ነው የምንኮራው? እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ፣ ልጄን አተረፉልኝ።»

«አላተረፍኳትም። ስሚኝ—»

«ነይ» ብላ ልጇን ጠራች። ልጅቷ እየሮጠች መጣች። እህቴ ከእንስራው አንድ ብርጭቆ ሙሉ ቀድታ ሰጠቻት። «እኚህ ናቸው የላኩልሽ። እያዩሽ ጠጪላቸው፣ ደስ ይበላቸው።»

ልጅቷ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አንሥታ ትጠጣ ጀመር። እኔ የእህቴን ስም እየጠራሁ ተይ ተይ እላለሁ። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ፊታቸውን ስልኩ ላይ አስጠግተው፣ «አይ፣ አይ» እያሉ ሁለቱንም እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

«አየሽ፣ እጃቸውን እያወዛወዙልሽ ነው» አለቻት እህቴ። «አንቺም አወዛውዢላቸው።»

ልጅቷ ብርጭቆውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨርሳ እጇን አወዛወዘችልን።